ዓይን ለዓይን በቬኒስ

መጀመሪያ ስለ መንገዱ ልንገራችሁ። በቬኒስ መንገድ ማለት ውኃ ነው። ኮረኮንች ላይ በባጃጅ መንገጫገጭ የለመደ፣ ከጅማ አካባቢ ከየቡ የመጣ ሰው ከባቡር ጣቢያው በር ብቅ ሲል ደረጃው ሥር ቆሞ የሚጠብቀው ጀልባ ነው። ዳቦው በጀልባ ይመጣል፤ ቆሻሻው በጀልባ ይሄዳል፤ አምቡላንሱ እንኳ ሳይረኑን እያስጮኸ ውኃውን ሰንጥቆ ያልፋል። ከተማዋ ከ100 በሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የቆመች ናት፤ ድልድዮቿ ደግሞ ከ400 በላይ ናቸው። አንዱን ወጥታችሁ ስትወርዱ ሌላው ተደቅኖ ይጠብቃችኋል። ዕቃ የሚያመላልሱ ሰዎች ጋሪያቸውን ደረጃ በደረጃ እየጎተቱ ሲያሻግሩ ቆሜ አየሁና «አይ፣ የሰው ልጅ እንጀራ!» አልኩ።

የሕዝብ ጀልባውን «ቫፖሬቶ» ይሉታል፤ የውኃ ላይ አውቶብስ በሉት። ለ75 ደቂቃ የሚያገለግለው አንድ ትኬት 9 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነበር። ዋጋውን በልቤ ወደ ብር ስመነዝር ያዩኝ አክስቴ «እግዜር እግር ሰጥቶህ የለ? በል ተራመድ!» አሉኝና በእግር ሆነ።

አክስቴን ላስተዋውቃችሁ። ከቬኒስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል በምትርቀው በፓዶቫ ከተማ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ሥራቸው «ባዳንቴ» ይባላል፤ አቅም የከዳቸውን አረጋውያን ቤት ውስጥ ሆኖ የሚንከባከብ ሰው ማለት ነው። የጣሊያንን ሽማግሌዎች ሲያጎርሱና ሲያለብሱ ኖረው እሳቸውም ፀጉራቸው ሸብቷል። የየቡን ነገር ግን አልረሱም። ገና ባቡር ጣቢያ ሲቀበሉኝ የጠየቁኝ ስለ ቡናው ነው። «ዘንድሮ እንዴት ያዘ? ለቀማው ተጀመረ?»

ተጀምሯል። ጊዜው ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መገባደጃ ነበር። ይሄኔ አገር ቤት ቀይ ቡናው ቅርንጫፉን አጉብጦታል፤ ልጅ አዋቂው ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ዋንዛ ጥላ ሥር ገብቷል፤ በየማድረቂያ አልጋው ላይ የሚሰጣው ቡና ሽታ መንደሩን ሞልቶታል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ባሕር ላይ በተሠራች ከተማ ውስጥ እዞራለሁ። ሆዴ ባር ባር ማለቱ አልቀረም።

እንግዲህ ቡና ካነሣን፣ ወደ ቡና ቤት ግቡልኝ። ቬኒሶች ቡና የሚጠጡት ቆመው ነው። «ኡን ካፌ» ይላል ሰውዬው፤ አንድ ቡና ማለቱ ነው። አሳላፊው ከአክስቴ ስኒ ያነሰች ስኒ ውስጥ ሁለት ጉንጭ የማትሞላ ጥቁር ቡና ጠብ ያደርግለታል፤ ሰውዬው ስኳሩን አማስሎ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣታል፤ ሳንቲሙን አስቀምጦ ይወጣል። ከገባ ሁለት ደቂቃ አልሞላውም! እኛ ዘንድ ቡና ቆሞ የሚጠጣ ሰው ቢታይ «ምን ሆነ? ማን ታመመበት?» ነው የሚባለው። ደግሞ ስሙ፤ መቀመጥ ከፈለጋችሁ ዋጋው ይጨምራል። ያው ቡና፣ ያው ስኒ፣ ወንበሩ ግን ይከፈልበታል። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ከ1720 ጀምሮ ያለ ፍሎሪያን የሚባል ዝነኛ ቡና ቤት አለ፤ እዚያማ ውጭ ለሚጫወቱት ሙዚቀኞች የሚከፈለው ሳይቀር ሒሳባችሁ ላይ ይታከላል። («ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸውን ዓመቶች በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።) የቡ ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ ድረስ የተቀመጠ እንግዳ በርጩማውንም፣ ቆሎውንም፣ ወሬውንም በነፃ ይዞ ይሄዳል። «አካም ጅርቱ? ግቡ፣ ቡና ጠጡ» ያልተባለ መንገደኛ ካለ፣ ያን ቀን በዚያ ሰፈር ቡና አልተፈላም ማለት ነው።

ከስኒው መጠን ይበልጥ የከበደኝ ግን ሰላምታው ነው። ሰው በሰው አጠገብ ያልፋል፤ ዓይን ከዓይን አይገጣጠምም። አንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምንና እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ሰላም ልል ስል፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ አለፈች። ክፋት የለባትም። አክስቴ እንደነገሩኝ ከተማው ራሱ ያስለመደው ነው። በጥንታዊዋ ቬኒስ ውስጥ ነዋሪ ሆኖ የቀረው ሕዝብ ከ50,000 በታች ወርዷል፤ ጎብኚው ግን በየዓመቱ በሚሊዮን ይጎርፋል። ሁሉን ሰው ሰላም ልበል ቢሉ አንገታቸው ይቀነጠሳል።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ለምን እዚህ እንደመጣሁ ለመናገር ነው። የመጣሁት ሥዕል ለማየት ነው። የሥዕሉን ነገር ከማንሣቴ በፊት ግን የአንድ ሌላ ሥዕል ታሪክ ልንገራችሁ፤ የቡናው።

አክስቴ የሚኖሩባት ፓዶቫ የጥንት ዩኒቨርሲቲና የጥንት የዕፅዋት አትክልት ቦታ ያላት ከተማ ናት። በዚያ ካስተማሩት አንዱ ፕሮስፔሮ አልፒኒ የሚባል ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ግብፅ ቆይቶ ሲመለስ በ1592 ቬኒስ ውስጥ ስለ ግብፅ ዕፅዋት መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ካይሮ ላይ በአንድ አትክልት ቦታ ያየው የቡና ቅርንጫፍ ተሥሎ ይገኛል። በአውሮፓ ታትሞ የወጣ የመጀመሪያው የቡና ተክል ሥዕል ይኸው ነው ይባላል። እንዲህ እያለ ቆይቶ በ1753 ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔዎስ ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ኮፊያ አራቢካ»፣ የዓረብ ቡና ብሎ ሰየመው። እናቱ እዚህ ዋንዛ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ልጁ በጎረቤት ስም ተጠራ! የሆነው ሆኖ የቡናችን መልክ ከ430 ዓመት በፊት ቬኒስ ደርሶ ታትሟል። ቡናውን የሚተክለውና የሚለቅመው፣ ቡናውንም ትቶ የሚሰደደው ሰው መልክስ መቼ ደረሰ?

በአገሩ ስም፣ በራሱ አዳራሽ፣ በ2024 ደረሰ።

ቬኒስ ውስጥ «ቢየናሌ» የሚባል ትልቅ የሥነ ጥበብ ድግስ አለ፤ በየሁለት ዓመቱ የሚደረግ ማለት ነው። የተጀመረው በ1895 ነው፤ ዓድዋ አንድ ዓመት ሲቀረው። አገሮች በየፊናቸው አዳራሽ ይዘው ሠዓሊያቸውን ያቀርቡበታል። ዋናው ግቢ ውስጥ የራሳቸው ቋሚ ሕንፃ ካላቸው አገሮች መካከል ከአፍሪካ ያለችው ግብፅ ብቻ ናት፤ ሌላው ከተማው ውስጥ ቤት ፈልጎ ይገባል። ኢትዮጵያ በዚህ ድግስ ላይ በአገር ደረጃ የራሷን አዳራሽ ይዛ የቀረበችው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ በ60ኛው ቢየናሌ ነው። ከሚያዝያ 12 ቀን 2016 እስከ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ክፍት ነበር። የዚያ ዓመት ድግስ መሪ ቃል ደግሞ «ባዕዳን በየቦታው» የሚል ነው። ይህንኑ ቃል በብዙ የዓለም ቋንቋዎች በሚያበራ መብራት ጽፈው፣ በድሮው የመርከብ መሥሪያ ግቢ ውኃው ላይ አንጠልጥለውት ነበር። ማታ ሲበራ ፊደሎቹ ከታች ውኃው ላይ ይርገበገቡ ነበር። አክስቴ ቀና ብለው አዩትና «ለእኔ ነው የጻፉት» አሉ።

የኢትዮጵያ አዳራሽ የተዘጋጀው ካስቴሎ በሚባለው ሰፈር፣ ፓላዞ ቦላኒ ውስጥ ነው። «ፓላዞ» ማለት የድሮ ባለጸጎች የሠሩት ታላቅ ቤት ነው። መንገዱ ግን! አንድ ሽማግሌ ጠየቅን፤ «ሴምፕሬ ድሪቶ» አሉን፤ ዝም ብላችሁ ቀጥ በሉ ማለታቸው ነው። ቀጥ ያለ መንገድ በሌለበት ከተማ ቀጥ በሉ! አንዱ መተላለፊያ ወደ ድልድይ፣ ድልድዩ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ውኃ ያወጣችኋል። ጅማ ቢሆን ኖሮ የጠየቅነው ሰው ሥራውን ትቶ በሩ ድረስ ያደርሰን ነበር። እየተጠማዘዝን፣ እየተመለስን፣ በመጨረሻ በር ላይ የአገራችንን ስም አነበብን። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እንደሚያደርጉት ነው ያደረጉት። መግቢያው ደግሞ በነፃ ነበር፤ ወንበር በሚከፈልበት ከተማ የእኛ ቤት በነፃ መሆኑ ደስ አለኝ።

ውስጥ ያሉት ሥዕሎች የተስፋዬ ኡርጌሳ ናቸው። በ1983 አዲስ አበባ የተወለደ ሠዓሊ ነው። በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከዚያ ጀርመን ሽቱትጋርት ሄዶ ትምህርቱን ቀጠለ፤ 13 ዓመት ያህል እዚያው ኖሮ በ2022 አዲስ አበባ ተመልሷል። የዐውደ ርእዩን ስም ወደ እኛ ቋንቋ ስናመጣው «ጭፍን ፍረጃና ወገንነት» እንደማለት ነው።

ገባን። አክስቴ ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። «በስመ አብ! ልብስ የላቸውም እንዴ?»

የላቸውም። ትልልቅ ሸራዎች ላይ የተሣሉት ሰዎች አብዛኞቹ ራቁታቸውን ናቸው። የአንዱ እግር በሌላው ትከሻ ላይ ያልፋል፤ አንድ ክንድ ከየት እንደመጣ ባለቤቱን ትፈልጋላችሁ፤ ሦስት አራት ሰው በአንድ ጠባብ ክፍል ተደራርቦ ተቀምጧል። እኛ አገር ሰው ለፎቶ ሲቀርብ ያለውን ምርጥ ልብስ ነው የሚለብሰው። የጅማ ፎቶ ቤቶችን አስታውሱ፦ ፏፏቴና አበባ የተሣለበት መጋረጃ፣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ ከጓደኛ የተዋሱት ኮት። የሰው ምስል ማለት በአማረበት ቀን የተያዘ ነው ብለን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ሰው ከሥራ ደክሞ ገብቶ፣ ማንም አያየኝም ብሎ በተጋደመበት ሰዓት ተሥሏል። መጀመሪያ ዓይኔን ወዴት እንደማደርግ ጠፋኝ።

ማድረጊያውን ያሳዩኝ ራሳቸው የተሣሉት ሰዎች ናቸው። ቀጥ ብለው ያያሉ። ወደ ግራ ሄድኩ፤ ያዩኛል። ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ ከሌላው ግድግዳ ሌላው ያየኛል። ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያልፈኝ ዓይኑን ገልጦ ያየኝ አልነበረም፤ እዚህ ቤት ውስጥ ግን እነዚህ ሰዎች አዩኝ። ሰላምታ ያገኘሁ ያህል ሆነልኝ።

የዚህ አስተያየት ምንጩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ፣ ፊቱን ወደ ምእመኑ መልሶ ይሣላል፤ ጠላትና ከሐዲ ግን በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ ይቀራል። ሁለት ዓይን የክብር ምልክት ነው። ተስፋዬ በዚህ ሥዕል መካከል ያደገ፣ የጀርመንን ሠዓሊዎች ብሩሽ ደግሞ በትምህርት ያገኘ ሰው ነው። ባቡር ላይ አጠገቡ ለመቀመጥ የሚያመነቱበትን፣ ወረቀት አሳይ የሚባለውን፣ በጎን ዓይን ብቻ የሚታየውን ስደተኛ ወስዶ የጻድቃኑን ሁለት ዓይን ሰጠው። የዐውደ ርእዩ ሙሉ ሐሳብ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ወደ አንዱ ፊት ጠጋ አልኩ። ከበሩ ሆኜ ጠይም ያልኩት ጉንጭ ከቅርብ ሳየው ጠይም ብቻ አልነበረም። ቡናማው ሥር አመድማ አለ፤ ከዓይኑ ሥር ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥላ ወርዷል፤ አገጩ አካባቢ አረንጓዴ የነካው ቀለም ይታያል፤ ግንባሩ ላይ ደግሞ ሮዝ ቀለም ቀጠን ብሎ ተደርቧል። ብሩሹ አንዱን ሌላው ላይ ሲያስኬድ የታችኛውን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነውም። ሁለት እርምጃ ወደኋላ ስል ሁሉም ተሰብስቦ አንድ የሰው ቆዳ ሆነ። እኛ ስለ ሰው ስንጠይቅ «ቀይ ነው? ጠይም ነው? የቀይ ዳማ ነው?» ብለን ነው የምንጀምረው። ይህን ፊት ከየትኛው እንደምመድበው አላወቅኩም፤ ቆይቼም መመደቡን ተውኩት።

ልብስ ያለመኖሩ ነገርም እዚያ ቆሜ ገባኝ። ልብስ ብዙ ይናገራል። ኮቱ ባለሥልጣን ነው ይላል፤ የሠራተኛው ቱታ ጉልበት የሚሸጥ ነው ይላል፤ ነጠላው ከየት እንደመጣ ይናገራል። ልብሱ ሲወልቅ ግን ፍረጃው የሚንጠለጠልበት መስቀያ ያጣል። የሚቀረው የደከመ ትከሻ፣ የታጠፈ ጉልበትና የሚያይ ዓይን ነው፤ ያ ደግሞ የሁሉም ሰው ነው።

ለካ አክስቴ ከኋላዬ የሉም። ስዞር ከአንድ ሸራ ፊት ቆመዋል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ የሚታይበት ሥዕል ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ።

«ይህን ክፍል አውቀዋለሁ» አሉኝ።

«የት ያውቁታል አክስቴ?»

«መጀመሪያ የመጣን ጊዜ እንዲህ ነበርን። አንድ አልጋ ለሁለት። የሌሊት ሠራተኛዋ ስትገባ የቀኗ ትወጣለች። አልጋው አይቀዘቅዝም ነበር፣ ልጄ። ለእናትህ ግን የምልከው ፎቶ አደባባዩ ላይ ርግብ ከብቦኝ የተነሣሁትን ነው።»

ያን ፎቶ አውቀዋለሁ። የቡ ቤታችን ግድግዳ ላይ ዓመታት ተሰቅሎ «አክስትህ ጣሊያን አለፈላት» ስንባል ያደግንበት ፎቶ ነው። ያኛውን ክፍል ግን ያየው የለም። አክስቴም አልተናገሩትም፤ እኛም አልጠየቅን። ሥዕሉ ለብዙ ዓመት የተዘጋውን በር ከፈተው።

በዚህ መሐል አንድ ጣሊያናዊ አዛውንት መነጽራቸውን እያስተካከሉ ወደ አክስቴ ጠጋ አሉና በትሕትና አንድ ነገር ጠየቁ። አክስቴም በጣሊያንኛ መለሱላቸው። ቀጠሉ፤ እጃቸው ወደ ሥዕሉ፣ ወደ ራሳቸው፣ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዳምጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣሊያኖችን «ምን ልርዳዎ?» ሲሉ የኖሩ ሴት፣ ዛሬ ጣሊያናዊ ፊታቸው ቆሞ ከእሳቸው ይማራል። ሲለያዩ አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ «ግራዚዬ፣ ሲኞራ» አሉ፤ አመሰግናለሁ፣ እመቤቴ ማለት ነው። አክስቴ ፊታቸው ሲበራ አየሁ።

የዐውደ ርእዩ አዘጋጅ ማን እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ፤ በአጋጣሚ የተመረጠ ሰው አይመስለኝም። «ለምን ሲሳይ» የሚባለው ባለቅኔ ነው። እናቱ ለትምህርት ከኢትዮጵያ እንግሊዝ ሄደው በ1967 እዚያ ወለዱት። ሕፃኑ ለእንግሊዛዊ አሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጠ፤ ኖርማን የሚል ስም ወጣለት፤ በ12 ዓመቱ አሳዳጊዎቹ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ መለሱት። የእናቱን ማንነትና ትክክለኛ ስሙን ያወቀው ካደገ በኋላ ከመዝገቡ ነው። ኋላ ታዋቂ ባለቅኔ ሆኗል፤ እስከ 2022 ድረስም የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር። ስሙን ከመዝገብ ፈልጎ ያገኘ ሰው፣ ስም የሌላቸውን የስደተኞች ፊት ለዓለም ሲያቀርብ በሩን የከፈተልን ያህል ተሰማኝ።

ወጥተን በቦዩ ዳር ስንሄድ አክስቴ «ከእኛ ሰው በፊት እዚህ የመጣ አልነበረም?» አሉኝ። ነበር እንጂ! በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ከአንድ የፍሎረንስ ሰው ጋር ነብሮች ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። ነብር በጀልባ! ያን ቀን እዚህ ድልድይ ላይ የነበረ ሰው ለልጅ ልጁ ሲያወራው ኖሯል። በተቃራኒው ደግሞ ቬኒሳዊው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኢትዮጵያ ሄዶ፣ መርቆሬዎስ ተብሎ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሥል እዚያው አረጀ። እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ ስለ ሣላት «ግራ እጅ ለጌታ ይሆናል እንዴ?» ተብሎ ሁከት ተነሥቶ እንደነበር ይነገራል። ያኔ ቬኒስ ሠዓሊ ላከችልን፤ የአገሬውን ሰው አስቆጣ፣ አስደነቀ፣ ከዚያ ተዋሐደ። አሁን ከ500 ዓመት በኋላ እኛ ሠዓሊ ላክንላት። ዕዳ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ባለው ሙዚየም በኩል የሚታይ አንድ የድሮ ካርታም አለ። ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 አካባቢ የሠራው ክብ የዓለም ካርታ ነው። እኛ በትምህርት ቤት የለመድነው ካርታ አውሮፓን ከላይ፣ እኛን ከታች ያደርጋል። የመነኩሴው ካርታ ደቡቡን ወደ ላይ አድርጎ የተሠራ ስለሆነ ኢትዮጵያ ከላይ ናት! የአገራችንንም ነገር ከአገራችን መነኮሳት ጠይቆ፣ እነሱ ከሣሉለት ወስዶ እንዳሰፈረው ራሱ ጽፏል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለአገሩን ጠይቆ የሣለ ሰው ወንዙንም ተራራውንም በስሙ ያሰፍራል። ባለአገሩን ሳይጠይቁ ስም ያወጡለት ደግሞ ቡናችንን የዓረብ አድርገውታል።

ከዚህ በኋላ የማወራችሁ ስለ ቬኒስ አይደለም፤ ስለ እኛ ነው።

ሠዓሊዎቻችን ውጭ ከከበሩ ቆይቷል። አፈወርቅ ተክሌ ራሱን የሣለበት ሥዕል ፍሎረንስ በሚገኘው በኡፊዚ ቤተ ሥዕል የታላላቆቹ ሠዓሊዎች ስብስብ ውስጥ ገብቷል። ተስፋዬም ከቬኒስ በፊት በ2018 በዚያው በፍሎረንስ በፓላዞ ፒቲ ሥዕሎቹን አሳይቷል። የተስፋዬ መምህር ታደሰ መስፍን ደግሞ የጉሊት ሴቶችን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዘው መንገድ ዳር የሚውሉትን እናቶች፣ ረጅምና ባለግርማ አድርገው ሲሥሉ ኖረዋል። የጉሊት እናት እንደ ንግሥት ተሥላ ለንደን ላይ ታይታለች። የጅማው የሒርማታ ገበያ ጉሊት ሻጭ ግን ይህን ሥዕል አላየችውም። እሷን የመሰለች ሴት ምን ያህል ተከብራ እንደተሣለች የነገራትም የለም።

ጅማ ሙዚየም አላት። የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ዕቃዎች ተቀምጠውበታል፤ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው ቆሟል። የንጉሡን ወንበርና የንጉሡን ጋሻ በኩራት እናሳያለን፤ ይገባልም። ለንጉሡ የሚገባው ክብር ለንጉሡ ቡና ለቃሚዎች የልጅ ልጆችም ይድረስ ነው የምለው። የቡ ውስጥ ፀሐይ ስትወጣ ጀምረው ቀዩን ከአረንጓዴው እየለዩ የሚለቅሙ፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ብለው ጀንፈሉን ሲያገላብጡ የሚውሉ እናቶች አሉ። ጣታቸው በቡናው ጠቁሮ ሳሙና አይለቀውም። ፊታቸው ላይ ያለው ቀለም ከተስፋዬ ሸራ አያንስም። ቡናቸው የፍሎሪያንን አደባባይ ሊደርስ ይችላል፤ ፊታቸው ግን ጅማ እንኳ አልደረሰም።

ሥዕል የሀብታም አገር ጨዋታ ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ አክስቴ ናቸው። ከባቡር ስንወርድ ፓዶቫ ላይ ዝናብ ነበር፤ አክስቴ ግን ወሬያቸውን አላቋረጡም። በዘመናቸው ሁሉ ያልነገሩንን፣ ስለዚያች ክፍል፣ አብረዋቸው ስለኖሩት ሴቶች፣ መጀመሪያ ደመወዝ ስላገኙበት ቀን ሁሉን ነገሩኝ። ማታውኑ የቡ ደውለው ለእናቴ ነገሯት። እናቴ አለቀሰች፤ ከዚያም «እንኳን ነገርሽኝ» አለቻቸው። እህትማማቾች በዓመታት ያልተነጋገሩትን አንድ ሸራ አነጋገራቸው። ስንት ቤት ነው እንዲህ ተዘግቶ የሚኖር? ልጁን ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ሮም የላከ ወላጅ በየቀበሌው አለ። የልጁን እውነተኛ ክፍል ማየት፣ ማወቅ፣ ማዘንና ማክበር ይገባዋል።

ተስፋዬ ዛሬ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ከእኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። ዐውደ ርእይ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ አዲስ አበባና አውሮፓ ካሳያችሁ በኋላ ሸራችሁን ጠቅልላችሁ ወደ ጅማ ውረዱ። ለቀማው ሲያልቅ፣ ሰው እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ፣ ቀኑ ውስጥ ትንሽ ዕረፍት ሲያገኝ ኑ። ወጣት ሠዓሊዎች ደግሞ ለቀማው ሳያልቅ ቀድማችሁ የቡ ግቡና ከቡና አልጋው አጠገብ ተቀምጣችሁ ሣሉ። እናቶቹን ስማቸውን ጠይቃችሁ፣ ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ፣ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሣሉ። ከዚያም ሥዕሉን መጀመሪያ ለራሳቸው አሳዩአቸው።

ቡናችን ያለ እኛ ዓለምን ዞሮ በሰው ስም ተጠርቷል። ፊታችን እንዲህ አይሁን። ስሙም ባለቤቱም አብሮት ይሂድ፤ ሲመለስም የሚሰቀልበት ግድግዳ እዚሁ ይኑረው። ጅማ አዳራሽ አላት። እናንተ ብቻ ኑ፤ ወንበርም ሆነ ቡና አናስከፍላችሁም።